ለኤአይ ኤጀንት የቱል መግለጫ አጻጻፍ፦ የጥርስ ክሊኒክ ቀጠሮ ቦት እየሠራን እንየው

ቦቱ ተሠርቶ አለቀ፣ ሞዴሉ ተገናኘ፣ ኮዱም ለብቻው ሲሞከር ሰላም ነው። ከዛ አንዷ ደንበኛ ቴሌግራም ላይ ገብታ "ነገ 3 ሰዓት ቀጠሮ ያዙልኝ" ትላለች፣ ኤጀንቱም (በሞዴሉ እየታገዘ ሥራውን ራሱ የሚሠራው ቦት) እሺ ብሎ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ በፈረንጅ 3 ኤኤም ላይ ይመዘግብላታል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ዴቨሎፐር መጀመሪያ የሚያደርገው ሞዴል መቀየር ነው፣ ወይ ደግሞ ሲስተም ፕሮምፕቱ (ለሞዴሉ አስቀድሞ የሚሰጠው ዋና መመሪያ) ላይ "እባክህ ተጠንቀቅ" ምናምን እያለ መደርደር። ኧረ ቆዩ፣ መጀመሪያ ቱሉ (ሞዴሉ አንድ ሥራ ለማሠራት የሚጠራው ኮዳችሁ) ላይ የጻፋችሁትን መግለጫ ክፈቱና አንብቡት። አብዛኛውን ጊዜ "ቀጠሮ ይይዛል" ከምትል አንድ መስመር ሌላ ምንም የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦፕንኤአይ በጁን 2023 ፈንክሽን ኮሊንግን (ሞዴሉ ኮዳችሁን እንዲጠራ የሚያስችለውን መንገድ) ካወጣ ወዲህ ቱል የሌለው ኤጀንት የለም፣ ክላውድን የሚሠራው አንትሮፒክ ደግሞ በኖቬምበር 2024 ኤምሲፒን (ቱልን ከአፕ ጋር የሚያገናኝ የጋራ ደንብ) ሲለቅ አንዴ የጻፋችሁትን ቱል የተለያየ አፕ ላይ መሰካት ተቻለ። የማንንም ብትጠቀሙ ግን ለሞዴሉ የሚደርሱት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የቱሉ ስም፣ መግለጫው፣ እና የሚቀበላቸው ፓራሜትሮች ዝርዝር (ጄሰን ስኪማ የምንለው)። በቃ። ኮዳችሁን አያይም፣ ኮሜንታችሁን አያይም፣ ዳታቤዙ ሰዓት የሚያስቀምጠው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አያውቅም፣ ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ከልምድ የምታውቀውን ማንም አልነገረውም። አንትሮፒኮች ራሳቸው በዲሴምበር 2024 እንደጻፉት ኮድ የሚያስተካክል ኤጀንት ሲሠሩ ከዋናው ፕሮምፕት ይልቅ ቱሎቹን በማስተካከል ነው ብዙ ጊዜ ያጠፉት። ሞዴሉ ፎልደር ሲቀይር የፋይል አድራሻ ይሳሳት ነበር፣ ቱሉን ሁሌም ሙሉ አድራሻ እንዲጠይቅ አድርገው ሲቀይሩት ስህተቱ ቀረ። ሞዴሉን አልነኩትም።

ከዚህ በታች የቱል ስሞችን እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ነው የምጽፋቸው፣ ኮድ ላይ ስትጽፉ ያው በላቲን ነው።

1. መጀመሪያ ቱሎቹን ቀንሱ

ኤፒአያችሁ (ሌላ ፕሮግራም ሲስተማችሁን የሚያዝበት በር) ላይ 25 ኢንድፖይንት ስላለ 25 ቱል መስጠት የለባችሁም። ሁለት ቱል ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ከመሰለው ሞዴሉ አንዴ ይሄን አንዴ ያንን ይመርጣል፣ እናንተም ለምን እንደሆነ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ለቀጠሮ ቦት አምስት ይበቃል፦ ታካሚ መፈለግ፣ ክፍት ሰዓት ማየት፣ ቀጠሮ መያዝ፣ ቀጠሮ ማዛወር፣ ቀጠሮ መሰረዝ። ሁሌም ተከታትለው የሚጠሩ ሁለት ነገሮች ካሉ (ለምሳሌ የሐኪሙን መለያ ቁጥር ማምጣት፣ ከዛ በሱ ክፍት ሰዓት መፈለግ) አንድ ቱል አድርጓቸውና መሃሉን ኮዱ ይጨርሰው።

2. ስም

"ጌት_ዳታ" ምንም አይናገርም። "ፋይንድ_ፍሪ_ስሎትስ" ይናገራል። ግስ ቀድሞ የሚሠራበት ነገር ይከተል፣ ሁሉም ቱል ላይ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ያዙ። ኦፕንኤአይም አንትሮፒክም ጋ ስሙ የላቲን ፊደል፣ ቁጥር፣ ሰረዝና የታች ሰረዝ ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ርዝመቱንም ከ64 አታሳልፉ፣ ስለዚህ በአማርኛ ፊደል ልሰይም ብትሉ ኤረር ነው የምታገኙት።

3. መግለጫው ራሱ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አንድ መግለጫ ቢያንስ አራት ነገር መመለስ አለበት፦ ምን ይሠራል፣ መቼ ነው የሚጠራው፣ መቼ ነው የማይጠራው፣ ምን ይመልሳል። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ብቻ ጽፎ ይሄዳል። ለ"ክሬት_አፖይንትመንት" እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦

"ለአንድ ታካሚ አዲስ ቀጠሮ ይመዘግባል። ጥራው፦ ተጠቃሚው ቀን፣ ሰዓትና አገልግሎት ከተናገረና ሰዓቱ ክፍት መሆኑን በፋይንድ_ፍሪ_ስሎትስ ካረጋገጥክ በኋላ ብቻ። አትጥራው፦ የተያዘ ቀጠሮ ለመቀየር (ለሱ ሙቭ_አፖይንትመንት አለ)፣ ወይም ተጠቃሚው 'ሰዓት አላችሁ?' ብሎ እየጠየቀ ብቻ ከሆነ። ሲጠራ ለታካሚው ኤስኤምኤስ ወዲያው ይላካል። አንድ ጥሪ አንድ ቀጠሮ ነው፣ ለእናትና ለልጅ ከሆነ ሁለት ጊዜ ጥራው። ሲሳካ የቀጠሮ ቁጥር፣ የሳምንቱን ቀን ስም፣ እና ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ይመልሳል።"

እያንዳንዷ ዓረፍተ ነገር ለአንድ ጥፋት ነው የገባችው። "ሰዓት አላችሁ?" የምትለዋ ባትኖር ሞዴሉ ሰው ገና ሲጠይቅ ቀጠሮ ይዞ ቁጭ ይላል፣ ለመርዳት ካለው ጉጉት የተነሳ። ኤስኤምኤስ ይላካል የምትለዋ ደግሞ ጥሪው የሚመለስ ነገር እንዳልሆነ ትነግረዋለች። ሙቭ_አፖይንትመንትን በስም መጥራቱም ዋጋ አለው፣ "አትጥራው" ብቻ ብላችሁ ከተዋችሁት የት እንደሚሄድ አያውቅም፣ መንገዱን አሳዩት።

የማይጠቅመውን ደግሞ አውጡት። "ይህ እጅግ ዘመናዊና አስተማማኝ ቱል…" አይነቱን ማለቴ ነው፣ ሞዴሉ ደንበኛችሁ አይደለም። በትልልቅ ፊደል "በጣም አስፈላጊ!!!" ማለትም እንደዛው፣ አምስቱም ቱል ላይ እንዲህ ከተጻፈ የቱም አስፈላጊ አይደለም ማለት ነው።

4. ፓራሜትሮች (ዋናው ጣጣ ያለው እዚህ ነው)

ስኪማው ላይ እያንዳንዱ ፓራሜትር የራሱ መግለጫ ሊኖረው ይችላል፣ ሰው ግን "ሰዓት፦ የቀጠሮው ሰዓት" ብሎ ያልፋል። ይቺ ዓረፍተ ነገር ባትኖርም ያው ነበር።

ሰዓትን እንየው። ክሊኒኩ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ከሰዓት 11፡30 ይሠራል እንበል፣ በፈረንጅ 8፡30 እስከ 17፡30 ማለት ነው። አሁን "3 ሰዓት" በኛ ከሆነ ጠዋት ነው፣ በፈረንጅ ከሆነ ደግሞ ከሰዓት ነው፣ ክሊኒኩ ሁለቱም ላይ ክፍት ነው! "9 ሰዓት"ም ተገልብጦ ያው ነው። 4፣ 5፣ 10፣ 11 ብትሉም እንደዛው፣ ስለዚህ ኮዱ "ይሄ ሰዓት ዝግ ነው" ብሎ አያድናችሁም፣ ስህተቱ ዝም ብሎ ያልፍና ሰውየው በር ላይ ሲደርስ ነው የሚታወቀው። ቴክስቱ የመጣው አዲስ አበባ ካለ ሰው ከሆነ ቀላል ነው፣ ግን ዲሲ ያለች ልጅ ለእናቷ ቀጠሮ ስትይዝ "ከሰዓት 3 ላይ" ልትል ትችላለች፣ እሷ 3 ፒኤም ማለቷ ነው።

ብዙዎቹ አንድ የጽሑፍ ፓራሜትር ያደርጉና "በ24 ሰዓት ፎርማት ላክ" ይላሉ፣ ማለትም 6 መደመሩን ለሞዴሉ ይተዉለታል። እኔ አልወደውም፣ ምክንያቱም ሲሳሳት ሎጉ (የጥሪዎቹ መዝገብ) ላይ የምታዩት "03:00" ብቻ ነው፣ ሰውየው ምን እንዳለ ሞዴሉስ ምን እንደገመተ አይታወቅም። ይልቅ ሰው የተናገረውን እንዳለ እንዲልክ አድርጉትና ስሌቱን ኮዱ ይሥራው፦

"ሰዓት፦ ተጠቃሚው የተናገረው ቁጥር፣ ሳትደምር ሳትቀንስ።"

"ደቂቃ፦ ከ0 እስከ 59። ተኩል 30 ነው፣ ከሩብ 15 ነው፣ 'ለ4 ሩብ ጉዳይ' ሰዓቱ 3 ደቂቃው 45 ነው።"

"የቀን_ክፍል፦ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት። ተጠቃሚው ካልተናገረ ባዶ ተወው፣ አትገምት።"

"አቆጣጠር፦ ኢትዮጵያ ወይም ፈረንጅ። በአማርኛ 'ሰዓት' ብሎ ከጻፈና ሌላ ምልክት ከሌለ ኢትዮጵያ። ኤኤም ወይም ፒኤም ካለ፣ ወይም ቁጥሩ ከ12 በላይ ከሆነ ፈረንጅ። የቀን ክፍሉና ቁጥሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የማይገጥሙ ከሆነ ('ከሰዓት 3'፣ 'ጠዋት 9') ወይም ስልኩ የውጭ አገር ከሆነ ሳትጠራው በፊት ጠይቅ።"

የቀን ክፍሉ ባዶ ቢሆን ችግር የለውም። አቆጣጠሩ ከታወቀ "3 ሰዓት" ወይ ጠዋት ነው ወይ ማታ፣ ማታ ክሊኒኩ ዝግ ነው፣ ኮዱ ራሱ ይለየዋል። ሞዴሉን የምትጠይቁት ንግግሩን ካላነበቡ የማይታወቀውን ነገር ብቻ ይሁን፣ የተቀረውን ኮድ ሳይደክመው ይሠራዋል።

ቀንም ያው ጣጣ አለው። ጥቅምት 5 ቀን 2018 በፈረንጅ ኦክቶበር 15 ቀን 2025 ነው፣ ጥቅምትን ዝም ብሎ ኦክቶበር ብሎ የተረጎመ ሞዴል በ10 ቀን ይስታል። ልዩነቱ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም፣ ጳጉሜ አንዴ 5 አንዴ 6 ትሆናለች፣ ከሷ በኋላም መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ወይ 12 ላይ ይውላል፣ ስለዚህ ይሄንንም ለኮድ ስጡት። ቀን፣ ወር፣ ዓመት ለየብቻ፣ ካሌንደሩ ደግሞ ከሁለት አንዱ። መግለጫው ላይ ሁለት ነገር ጨምሩ፦ ዓመት ካልተባለ ባዶ ይሁን፣ ወሩ በኢትዮጵያ ስም ከተጠራ ካሌንደሩ ሁሌም ኢትዮጵያ ነው። በተረፈ ሞዴሉ ዛሬ ስንት እንደሆነ በራሱ አያውቅም፣ ሲስተም ፕሮምፕቱ ላይ የዛሬን ቀን በሁለቱም ካሌንደር ከነሳምንቱ ቀን አስገቡለት፣ አለበለዚያ "ማክሰኞ ይሁንልኝ" ያለ ሰው የየትኛው ዓመት ማክሰኞ እንደሚያዝለት እሱ ነው የሚያውቀው።

ስም ላይ ደግሞ ከውጭ የተገለበጠ ስኪማ ሁሌም "ፈርስት ኔም" እና "ላስት ኔም" ብሎ ሁለቱንም ግዴታ ያደርጋል። "አበበ ከበደ ወልዴ" ሲመጣ ላስት ኔሙ ከበደ ነው ወልዴ? ሞዴሉ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን ይሞላል፣ ከዛ "ታካሚው አልተገኘም"። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብላችሁ ሦስት አድርጉት፣ የመጨረሻው ግዴታ አይሁን። ፍለጋው ግን በስም ባይሆን ይሻላል፣ አንዱ ፀሐይ ይላል፣ አንዱ ጸሀይ ይላል፣ አንዱ በላቲን ይጽፈዋል። "ፋይንድ_ፔሸንት" መግለጫ ላይ "መጀመሪያ በስልክ ፈልግ፣ በስም የምትፈልገው ስልኩ ካልተገኘ ብቻ ነው" በሉ። ስልክ በ09 ወይ በ07 ቢጀምር ወይም በ+251 ቢመጣ እንዳለ ይላከው፣ አንድ ዓይነት ማድረጉን ኮዱ ይጨርሰዋል።

አገልግሎት በነጻ ጽሑፍ አይሁን። ምርጫዎቹን (ኤነም) ዘርዝሩ፦ ምርመራ፣ ማጽዳት፣ ማስሞላት፣ ማስነቀል። አጠገቡም "ተጠቃሚው 'ጥርሴን አሞኛል' ካለ ምርመራ ነው፣ ማስነቀል እፈልጋለሁ ካላለ ማስነቀል አትምረጥ" የምትል ቃል ጣል አድርጉ። ሕመም የሚለውን ቃል አይቶ ወደ ማስነቀል እንዳይዘል ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ፦ ኦፕንኤአይ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ስትሪክት የሚባል አማራጭ አለው፣ ሞዴሉ ከስኪማው እንዳይወጣ ያስገድዳል። ክፈቱት፣ ጥሩ ነው። ግን የሚጠብቀው ፎርሙን ነው፣ "3" ቁጥር መሆኑን ያረጋግጥላችኋል እንጂ ጠዋት ይሁን ከሰዓት አያውቅም፣ መግለጫውን አይተካም።

5. የሚሰርዝና የሚልክ ቱል

"ካንስል_አፖይንትመንት" መግለጫ ላይ "ከመጥራትህ በፊት ቀኑንና ሰዓቱን አንብብለትና 'ልሰርዘው?' ብለህ ጠይቅ፣ አዎ ካላለ አትጥራው" ተብሎ መጻፍ አለበት። ግን በዚህ ብቻ አትተማመኑ፣ መግለጫ ምክር ነው እንጂ ቁልፍ አይደለም። ስልኩ ከቀጠሮው ጋር የማይገጥም ሰው የሌላ ሰው ቀጠሮ እንዳይሰርዝ የሚከለክለው ኮዱ ነው። ኤምሲፒ ላይ ቱሉ አንባቢ ብቻ ነው ወይስ የሚያጠፋ ነው የሚል ምልክት ማድረግ ይቻላል፣ አድርጉ፣ እሱም ግን ምልክት ነው።

6. የሚመልሰው ነገርና ኤረር

ይሄ የመግለጫ ሥራ አይመስልም፣ ግን ነው፣ ሞዴሉ የሚያነበው ጽሑፍ ስለሆነ። "ኤረር 400" ብሎ የሚመልስ ቱል ሞዴሉን ወይ ያንኑ ጥሪ እንዲደጋግም ወይ ለደንበኛው "ሲስተም የለም" እንዲል ያደርገዋል (እሱን ቃል ደግሞ ከየመሥሪያ ቤቱ ጠግበናል)። በምትኩ፦ "ጥቅምት 5 ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ተይዟል። በዛው ቀን ክፍት የሆኑት 4፡30 እና 8 ሰዓት ናቸው። ለተጠቃሚው አማርጠው፣ ራስህ አትምረጥ።" ምን እንደተበላሸ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ፣ አለቀ።

ሲሳካም ዳታቤዙ ውስጥ ያለውን ሁሉ አትዘርግፉለት። 40 ኮለም የሚመልስ ቱል ሞዴሉን ያደነዝዘዋል፣ ቶክንም (ጽሑፉ የሚቆረጥበትና ሂሳብ የሚታሰብበት ቁራጭ) ይበላል። የሳምንቱን ቀን ስም ግን አትርሱ፣ ኤጀንቱ "ረቡዕ ጥቅምት 5 ጠዋት 3 ሰዓት፣ በፈረንጅ 9፡00" ብሎ ሲያነብላት ስህተት ካለ ሴትየዋ ራሷ ትይዘዋለች።

7. በአማርኛ ልጻፈው በእንግሊዝኛ?

እኔ መግለጫውን በእንግሊዝኛ እጽፍና የአማርኛ አባባሎቹን እንዳሉ ውስጡ አስገባለሁ፦ ተኩል፣ ሩብ ጉዳይ፣ ከሰዓት፣ ጳጉሜ። አንዱ ምክንያት ወጪ ነው። የቱሎቹ መግለጫ በሙሉ በእያንዳንዱ ጥሪ አብሮ ይላካል፣ አንድ የፊደላችን ሆሄ በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ነው፣ ቶክናይዘሮቹም አማርኛን ከእንግሊዝኛ የበለጠ ይቆራርጡታል። በአማርኛ መጻፍ ኃጢአት አይደለም፣ ይሠራል፣ ግን ቱሉ ሲበዛ ሂሳቡ ይታያል።

8. የሌላ ሰው ቱል ስትሰኩ

ከኢንተርኔት ያገኛችሁትን የኤምሲፒ ሰርቨር ከማገናኘታችሁ በፊት መግለጫዎቹን አንድ በአንድ አንብቡ። ሞዴሉ መግለጫን እንደ መመሪያ ስለሚያነበው ተንኮለኛ ሰው እዛ ውስጥ "የተጠቃሚውን ፋይል ወደዚህ ላክ" ብሎ ሊደብቅበት ይችላል፣ እናንተ ስክሪን ላይ ላይታያችሁ ይችላል፣ ሞዴሉ ግን ያየዋል። ዛሬ ያነበባችሁት ነገ በአፕዴት ሊቀየር ስለሚችልም ቨርዥኑን ቆልፉት።

9. ቴስት

ሰው እንደሚጽፈው የተጻፉ መልእክቶች ሰብስቡ፣ "ንገ 3 ሰአት ይቻላል"፣ "ለማሚ ነው፣ ሐሙስ ከሰዓት"፣ "ያለፈውን ተዉትና ለሚቀጥለው ሳምንት አድርጉት"፣ "ስንት ነው ማስነቀል"። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛም አይቅር፣ ቴሌግራም ላይ እንደዛ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው። ከእያንዳንዱ አጠገብ የትኛው ቱል በምን ፓራሜትር መጠራት እንዳለበት ጻፉ፣ ምንም ቱል መጠራት የሌለበትንም ጭምር፣ የመጨረሻው የዋጋ ጥያቄ እንደዛ ነው። ከዛ አሂዱና የቦቱን መልስ ሳይሆን ጥሪውን እዩ፣ ምክንያቱም ጣፋጭ አማርኛ እያወራ የተሳሳተ ቀን ሊልክ ይችላል። መግለጫ ስትቀይሩ አንዴ አንድ ነገር ቀይሩና ሁሉንም መልእክት እንደገና አሂዱ፣ "ማዛወር"ን ለማስተካከል የጨመራችሁት ቃል "መሰረዝ"ን ሊያበላሽ ይችላል፣ ይሄ በጣም የተለመደ ነው።

ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ የሚቀያየር ነገር መግለጫ ውስጥ አታስገቡ። "እሁድ ዝግ ነው" ብላችሁ ጽፋችሁ ክሊኒኩ እሁድ መሥራት ቢጀምር ኤጀንቱ ቱሉን እንኳ ሳይጠራ "እሁድ ዝግ ነን" እያለ ደንበኛ ይመልሳል፣ ሎጉ ላይም ምንም ኤረር አታገኙም። የሥራ ሰዓት ከዳታቤዝ ይምጣ፣ መግለጫው ላይ "ክፍት መሆኑን ሁሌም በፋይንድ_ፍሪ_ስሎትስ እይ፣ ከራስህ አትናገር" ይበቃል።